ገንዘቡ በየራስ ስም ይሁን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። በዚያን ዕለት ፌርማታው ጋ ስደርስ አንድ የማውቀው ሰው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ኋላ ተለጥፎ ቆሟል። ጋሼ ሐሙስ ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና ግብር ቢሮው ብቻ ይመስሉኛል፤ ልብስ በየትኛውም ቀን ቢወስዱለት «ሐሙስ ይደርሳል» ስለሚል ሰፈሩ በዚያው ጠርቶት ቀርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ላውንደሪ ከፍቶ የኖረ፣ ሱሪ ሲተኩስ ሁለት መስመር አውጥቶ የማያውቅ፣ ኩሩ ሰው ነው።

አንድ አውቶቡስ መጣ፤ አልተሳፈረም። ሁለተኛው መጣ፤ አሁንም አልተሳፈረም። እኔም ነገሩ ስለከነከነኝ ቀረሁ። ዓይኑን ተከትዬ ባይ፣ የሚመለከተው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ መስታወት ሱቅ ነው። ይህ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት በእንፋሎት ማሽን የሚሠራ ላውንደሪ የከፈተበት ሱቅ ነው፤ ሰፈርተኛው ልጁንም ሱቁንም «እንፋሎት» ይላቸዋል። የጋሼ ሐሙስ ደንበኛ ሲሶው ወደዚያ ሄዷል።

«ጋሼ ሐሙስ፣ እንደምን አደሩ? አውቶቡስ አይሳፈሩም እንዴ?» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን መምህር። አውቶቡስ እንኳን አልጠብቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ሚስቴን» አለኝ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ባለቤቱ ከማዶ መጣች። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላት፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናት። ቀጥ ብላ ወደ እንፋሎት ሱቅ ገባች። ጥቂት ቆይታ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ስትወጣ ያ ወጣት በሩን ከፍቶ ሸኛት፤ አንድ ነገር ተባባሉና ሁለቱም ሳቁ። እኔ በአሥር ዓመት ውስጥ እትዬ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጋሼ ሐሙስ ፊቱ አመድ መሰለ።

ነገሩን በቁራጭ በቁራጭ ነገረኝ። በላውንደሪ ሥራ ኪስ ሳይፈትሹ ልብስ ውኃ ውስጥ መክተት ትልቅ ነውር ነው። እስክሪብቶ ቢቀር የሃያ ሰው ሸሚዝ ይበላሻል። እጁ ስለለመደ ሰኞ ዕለት የገዛ ሚስቱን ጃኬት ኪስ ሳያስበው ፈተሸ፤ የእንፋሎትን ሮዝ ካርድ አገኘ። ካርዱ ላይ «ቀሚስ 1፣ የወንድ ሸሚዝ 1፣ ማክሰኞ» ተብሎ ተጽፏል። የላውንደሪ ባለቤት ሚስት ሌላ ላውንደሪ ልብስ ታሳጥባለች ቢባል ማን ያምናል? ደግሞስ የወንዱ ሸሚዝ የማን ነው? ጋሼ ሐሙስ የጠየቀኝ ይህንን ነው።

«ለምን እሷኑ አይጠይቋትም?» አልኩት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠያቂዋ እሷ ነበረች መምህር። እኔ አልለመድኩትም።»

ከዚያ ክንዴን ይዞ፣ ጽሕፈት ስለምችል አንድ አቤቱታ እንድጽፍለት ለመነኝ። ይህ ሁሉ የመጣው በዚያ በድርሻው ነው፤ ሚስቱ የራሷ ገንዘብ ባይኖራት ኖሮ እንፋሎት ሱቅ ምን ይወስዳት ነበር? ቅዳሜ በስብሰባው ሊናገር ስሙን ካስመዘገበ ሳምንት ሆኖታል፤ አሁን ቆሞ አቤቱታውን ማንበብ ይፈልጋል።

ድርሻ የሚባለውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ማዘጋጃ ቤቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከድልድዩ እስከ ገበያው አጥር ለሚኖር ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ፣ ሀብታም ነህ ድሃ ነህ፣ ትሠራለህ ትተኛለህ ሳይል፣ በየወሩ እኩል ገንዘብ ይሰጣል። ሙከራ ነው፤ ለአንድ ዓመት። መጠኑ የአንዲት ክፍል ኪራይና የሁለት ሳምንት አስቤዛ ቢችል ነው። የሚከፈለውም ለቤተሰብ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ነው፤ ባል የራሱን፣ ሚስት የራሷን። ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት የነዋሪው ሐሳብ ተሰምቶ ይቀጥል፣ ይሻሻል ወይም ይቅር ተብሎ ይወሰናል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ የምኖረው ከገበያው አጥር ሦስት ቤት አልፎ ስለሆነ ድርሻ አይደርሰኝም። በሒሳብ ሁለት ጊዜ የጣልኩት ተማሪዬ በየወሩ ሲቀበል እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ሲቃጠል ነው የከረመው። ለሰው ስናገር ግን «ነገሩ ከመርህ አኳያ ትክክል አይመስለኝም» እላለሁ። ስለዚህ ጋሼ ሐሙስ አቤቱታ ጻፍልኝ ሲለኝ ደስ አለኝ። እንዲያውም ለምን ጭራሽ ይቅር አንልም ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

«እንደሱማ አይሆንም» አለኝ ፈጠን ብሎ። «የኔን እኮ አልጠላሁትም። ለቤቱ አባወራ ይጠቃለል ነው የምለው።»

አቤቱታውን በሁለት ቀን ሠራሁት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይዤለት ላውንደሪው ሄድኩ። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከፊት ለፊት መቀበያው፣ ከጎን በቁጥር የተሰቀለ ልብስ፣ ከኋላ በግማሽ መጋረጃ የተከለለ የካውያ ጠረጴዛ አለ። ከኪስ የሚገኘው ሁሉ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ሣጥን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ቁልፍና ማበጠሪያ ሞልቶታል። ከመጋረጃው በታች የእትዬ እግር ይታያል። እየተኮሰች ነው። ባልና ሚስት ከማክሰኞ ጀምሮ ከ«ውኃው ፈላ» እና ከ«ቁጥር ሠላሳ የት አለ» በቀር እንዳልተነጋገሩ ገና ከበሩ ታወቀኝ።

አቤቱታውን ማንበብ ስጀምር የጋሼ ሐሙስ እህት ልጅ ገባች። እናቷ ስትሞት ጋሼ ሐሙስና እትዬ ያሳደጓት፣ በእነሱ ላብ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ አሁን ግብር ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። አጎቷ ይኮራባታል፤ ሙያዋን ለሰው ሲናገር ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ቆማ አነበበችው።

«‹ለቤቱ አባወራ ይከፈል› ይላል። አባወራ የሌለው ቤትስ መምህር?»

 ጋሼ ሐሙስ ከእኔ ቀድሞ ነገሩን ተቀበላት። ጠብ ሲፈልግ የመቀበያውን ጠረጴዛ በጨርቅ የመወልወል ልማድ አለው፤ አሁንም መወልወል ጀመረ። ድርሻ መጥፎ መሆኑን ለማሳየት ከሠራተኛው ጀመረ። ስምንት ዓመት አብሮት የሠራው ልብስ አጣቢ፣ ድርሻ በተጀመረ በሦስተኛው ወር ጥሎት ሄዷል። ገንዘብ በነፃ ከመጣ ማን ጎንበስ ብሎ ይሠራል? የሰው ልጅ ካልተቸገረ አይንቀሳቀስም፤ ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም አለ።

«የት ነው የሄደው አጎቴ?»

«ፍሪጅ ጥገና እማራለሁ ብሎ ነዋ።»

«እንግዲያው ሥራ ፈቶ አልተኛም። ስምንት ዓመት በቀዝቃዛ ውኃ እጁን ነክሮ የኖረው ሥራ ስለሚወድ አልነበረም፤ አንድ ወር እንኳን ያለ ደመወዝ ቢቆይ የሚበላው ስላልነበረ ነው። አሁን ስድስት ወር ቆሞ የሚማርበት አገኘ። ሙያ ሲይዝ ደግሞ እሱም ግብር ይከፍለናል» ብላ ሳቀች።

«እኔስ? እኔ አጣቢ ከየት ላምጣ? ሁለት ሰው ጠየቅሁ፤ ድሮ የምከፍለውን ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ።»

እዚህ ላይ ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቆም አለች። ይህ ጸባይዋ ደስ አለኝ። እውነት ነው፣ ለትንሽ ነጋዴ ይህ ይከብዳል፤ ወይ ደመወዝ መጨመር ወይ ማሽን መግዛት ይመጣል፤ ሁለቱም ከኪስ ነው፤ አልዋሽዎትም አለችው። አንድ ነገር ግን ጨመረች። ድሮ ሠራተኛው ዝቅ ባለ ደመወዝ የሚስማማው ረሃብ አስገድዶት ነበር። አሁን ግን ሁለት ሰው እኩል ቆሞ ይደራደራል። ለአሠሪው ባይጣፍጥም ፍትሐዊ ነው አለች።

ጋሼ ሐሙስ ሁለተኛውን አነሳ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሦስት ቤት እያከራየ እሱም ይቀበላል። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በዚህ ጊዜ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ። ለምን ለተቸገረ ብቻ አይሰጥም፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለመለየት ይህን ያህል ያስቸግራል ወይ ስል ጠየቅሁ። በክፍል ውስጥ የምናገርበትን ድምፅ ነበር ያወጣሁት።

«ይሄ በኔ ቢሮ በኩል የሚያልፍ ነገር ነው መምህር» አለችኝ። «ድሃውን ለይቶ ለመስጠት መዝጋቢ ያስፈልጋል፣ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፣ ምስክር ያስፈልጋል። ሰውየው ድሃ ነኝ ብሎ በየመሥሪያ ቤቱ ይመላለሳል። የሚያፍረው ይቀራል፤ ዓይን አውጣው ያገኛል። ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ስለሚቋረጥበት ሥራውን ይሸሻል። ለሁሉ ከሰጡት ግን ማንም ማንንም መለመን የለበትም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የወሰደውን እኛ በዓመቱ መጨረሻ በግብር እንመልሰዋለን። በደንብ ነው የምንመልሰው።»

«ከየት የመጣ ገንዘብ ነው? ከኔ ግብር አይደለም?» አለ ጋሼ ሐሙስ።

«ከእርስዎም ነው አጎቴ። ለአገር በሙሉ ይሁን ከተባለ ግብር ከፍ ማለቱ አይቀርም። ይሄን የሚደብቅ ሰው ካለ አይመኑት። ብዙ ያለው ካገኘው ድርሻ የበለጠ ይከፍላል፤ እንደ እርስዎ ያለው ደግሞ ከከፈለው የበለጠ ያገኛል። ሌላም ችግር አለ፤ ድርሻው ሲመጣ አከራዮች ኪራይ ጨምረዋል። ይሄ ካልተገታ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰዳል። እኔ እንከን የለውም አልልም። እንከኑ ይታረም እንጂ ነገሩ አይፍረስ ነው የምለው።»

አሁንም ላለመረታት ሌላ ነገር ልል ስል ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ቤት ከገበያው አጥር ወዲህ ቢሆን ኖሮ ይሄንን አቤቱታ ይጽፉት ነበር?» አለችኝ።

 ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ቀርቦልኝ አያውቅም። አልጽፈውም ነበር አልኳት። ከአንገቴ በላይ አልነበረም፤ ቅናት እንደ እኔ ባለ የተማረ ሰው ላይ ሲያድር ራሱን ቅናት ብሎ አይጠራም፤ መርህ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ዓመቱን ሙሉ «ለእነሱ አይሁን» ስል ከርሜ «ለእኔም ይሁን» ማለት አንድ ቀን አልታየኝም። ሁለቱ የሚነሡት ከአንድ ሆድ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ሰፈር ያፈርሳል፣ ሌላው ሰፈር ያሰፋል።

ጋሼ ሐሙስ ግን ገና አልተነካም። የሚያንገበግበው ወፍጮ ቤቱም አጣቢውም አልነበረም። ጨርቁን ወረወረና ባልና ሚስት አንድ ኪስ ነው ያላቸው፤ ገንዘብ ለሁለት ሲከፈል ትዳርም ለሁለት ይከፈላል አለ።

«አንዱ ኪስ የማን ነው?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

በዚህን ጊዜ ጋሼ ሐሙስ ከደረት ኪሱ ሮዟን ካርድ አውጥቶ መቀበያው ላይ አስቀመጣት። «ይኸውላችሁ የድርሻው ሥራ» አለ። ከመጋረጃው ኋላ የካውያው ድምፅ ቆመ። እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ካርዱን አየች፤ ከዚያ ባሏን አየች።

«ኪሴን ፈተሽክ?»

«እጄ ነው የፈተሸው» አለ። «የወንዱ ሸሚዝ የማን ነው?»

እትዬ ወደ ኋላ ተመልሳ በወረቀት የተጠቀለለውን አመጣች። መቀበያው ላይ ፈታችው። አንድ ሰማያዊ ቀሚስና አንድ ክሬም ሸሚዝ ነበር። 

«ያንተ ነው» አለችው። «ከስድስት ዓመት በፊት የገዛኸው። አንድ ቀን ተተኩሶ ለብሰኸው አታውቅም፤ የደንበኛ ይቀድማላ። ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ልትቆም ነው አሉኝ፤ እንደ ሰው ለብሰህ ብትቆም ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ሰውየው ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን ኮሌታውን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። «እጅጌው ላይ ሁለት መስመር አውጥቷል» አለ። ልጅቷ ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አውቃለሁ» አለች እትዬ። «ማክሰኞ እዚያው ነገርኩት። ማሽኑን አምኖ ጨርቁን በእጁ እንደማይወጥረው ነገርኩት። በዚያ ነው የሳቅነው።»

«ቤታችን ካውያ ሞልቶ ለእሱ ከፈልሽ?»

«ከፈልኩ። አንድ ቀን ደንበኛ መሆን አማረኝ። ልብሴን አስረክቤ ሄጄ፣ ሌላ ሰው አጥቦ ተኩሶ ሲያስረክበኝ። ‹ማክሰኞ ይምጡ እትዬ› ብሎ ሲሸኘኝ ምን እንደተሰማኝ ላስረዳህ አልችልም። ትከሻዬን ያመኛል ስልህ ‹ትንሽ አረፍ በይ› ትለኛለህ። ማን ሊሠራው ነው የማርፈው?»

«ገንዘብ ጠይቀሽ ከልክዬሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች። «አንድም ቀን ከልክለኸኝ አታውቅም። ግን ለካልሲም ጠይቄ ነው፣ ለመድኃኒትም ጠይቄ ነው፣ እናቴ ስትታመም ለአውቶቡስም ጠይቄ ነው። እየሠራሁ ነው የምጠይቅህ። አንተ ጠይቀህ ስለማታውቅ ደግ መሆን በቂ ይመስልሃል።»

 እትዬ ነገሩን ሁሉ አውጥታ ልትገላገለው ቆርጣ ነበርና ቀጠለች። ያ ወጣት የካውያ ክፍሉን እንድትመራለት በወር ደመወዝ ጠይቋታል። አስብበታለሁ ብላዋለች። ጋሼ ሐሙስ ይህንን ሲሰማ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። እኔም መቀመጫዬ ቆረቆረኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር የባልና የሚስት ነውና ልውጣ ብዬ ተነሣሁ።

«ይቀመጡ መምህር» አለችኝ እትዬ። «አቤቱታውን የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ይስሙት። ድርሻዬ በሱ ስም ከገባ፣ ሰኞ ጠዋት እንፋሎት ዘንድ ሥራ እገባለሁ። ማስፈራራቴ አይደለም። የራሴ የምለው ነገር ዘንድሮ ነው የቀመስኩት፤ እዚህ ካጣሁት ሌላ ቦታ እፈልገዋለሁ። በስሜ ከቀጠለ ግን የትም አልሄድም።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እስከ ዓምና እዚህ የነበርኩት ሌላ መግቢያ ስላልነበረኝ ነው። አሁን መግቢያ አለኝ፣ ግን እዚህ ነኝ። አንተ ገንዘቡ ይወስዳታል ብለህ ትፈራለህ፤ ያቆየኝ እኮ እሱ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።   አቤቱታውን ልወስደው እጄን ስዘረጋ ጋሼ ሐሙስ ቀድሞኝ አነሣውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያነበዋል ወይስ አያነበውም የሚለውን ሳላውቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔም አዳራሹ ገባሁ፤ ከክልሉ ውጪ ብሆንም ማንም አልከለከለኝም። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ነበር። አንዱ ይቅር አለ፣ አንዱ ይቀጥል አለ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ስለ ስንፍና ብዙ ተናገረ። ጋሼ ሐሙስ ክሬም ሸሚዙን ለብሷል። እጅጌው አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ማን እንዳስተካከለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እትዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከእህቱ ልጅ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ሐሙስ ምን ሊል እንደሆነ ከፊቱ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ስሙ ሲጠራ ወደ ፊት ወጣና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።  ወረቀቱን ገልጦ አየውና መልሶ አጠፈው።

«ሌላ ነገር ልናገር ነበር የመጣሁት» አለ። «ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት የግማሻችሁን ልብስ የተኮሰችው ባለቤቴ ናት። ልብስ ስቀበልና ሳስረክብ የምታዩት እኔን ስለሆነ ሙያው የኔ ይመስላችኋል። ሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ ከፍያት አላውቅም። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ሠራተኛ መሆኗ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ በስሟ ጠርቶ የከፈላት ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። አሁንም እየቀናሁ ነው። ግን ይህ ገንዘብ ለአባወራ ይሁን የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም ትናንት ከእናንተ አንዱ ነበርኩና፣ ተዉት። በየራስ ስም ይሁን።»

በዚያን ቀን የተወሰነውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ አዳራሹ ልመለስ። ድርሻው ለሁለት ዓመት እንዲቀጥል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ እንዲከፈል፣ የኪራዩን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ጋሼ ሐሙስ ለእትዬ በየወሩ ደመወዝ ይከፍላታል፤ መጀመሪያ ሲከፍላት እንደ ግብር አምጦ ነው የከፈላት፣ አሁን ለምዶታል። አጣቢ ስላላገኘ ሁለቱም ከድርሻቸው አዋጥተው ያገለገለ ማጠቢያ ማሽን ገዙ። ያ ድሮ ጥሏቸው የሄደው አጣቢ ማሽኑ ሲበላሽ ይጠግንላቸዋል፤ ዋጋው ውድ ነው እያለ ጋሼ ሐሙስ ያማርራል። እትዬ እንፋሎት ዘንድ ተቀጥራ አልገባችም፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ የእሱን ሠራተኞች ታሠለጥናለች፤ ትከሻዋንም ታሳክማለች። ኪራይ መጨመሩ ገና አልተፈታም። የተባለው ስንፍናም በሰፈራችን እስካሁን አልታየም፤ ሰነፎቹ ድሮ የምናውቃቸው ናቸው፣ አልጨመሩም። ሰው ነገን ሳይፈራ ሲያድር ሥራ እንደሚመርጥ እንጂ ሥራ እንደማይጠላ፣ እጁ ላይ ትንሽ የራሱ ነገር ያለው ሰው ደግሞ አብሮ የሚኖረው ወዶ እንደሆነ ይህች አንዲት ላውንደሪ ለእኔ በቂ ምስክር ሆናልኛለች።

ጋሼ ሐሙስ ተናግሮ ሲጨርስ ሕዝቡ አጨበጨበለት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ «እንደ ቤተሰብ ስለሆነ ሁለት ድምፅ ብዬ ልመዝግብ?» ሲል ጠየቀው። ጋሼ ሐሙስ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየ።

«አንድ ይመዝግቡ» አለ። «የኔን ብቻ። እሷ እዚህ አለች፤ የሷን እሷ ትናገራለች።»

እትዬ ይህን አልጠበቀችም። ቀሚሷን በእጇ አስተካክላ ተነሣች፤ ወደ ፊት ሳትወጣ ካለችበት ሆና ተናገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ አልተሰማም፤ ከኋላ «ጮክ» ሲሏት ጮክ አለች። ስለ ኪራዩ ተናገረች፤ ድርሻ ለማይደርሳቸው ከአጥሩ ማዶ ላሉትም ይሁን አለች፤ ቤት ውስጥ ስለሚሠራና ማንም ስለማይቆጥረው ሥራ ስትናገር ከየረድፉ ሴቶች «እውነት ነው» ማለት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ቀልዳ አዳራሹን አሳቀችው። ስትቀመጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ከባሏ ይልቅ ለእሷ አጥብቆ አጨበጨበ።

ጋሼ ሐሙስን አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮ እንዲህ መናገር እንደምትችል ያላወቀ ሰው ፊት ነበረው። ቀንቷል፤ በግልጽ ያስታውቅበታል። ግን እሱም እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፤ ሌላው ሲያቆምም እሱ አላቆመም።